ፋብሪካው የለም፤ መኪናዋ ግን መንገድ ላይ ናት

ነገሩ የተጀመረው በክርስትና ጥሪ ነው። ኦክስፎርድ የሚኖር ወዳጃችን ልጁን ክርስትና አስነስቶ ‹‹እንዳትቀሩ›› ብሎን፣ እሁድ ረፋድ ላይ ከለንደን ተነስተን በኤም 40 አውራ ጎዳና እየተጓዝን ነበር። የተሳፈርንባት መኪና ቶዮታ ፕሪየስ ናት። መሪውን የያዙት ለንደን ውስጥ ታክሲ እየነዱ ልጆች ያሳደጉ፣ ከስደት በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በግሪስ ሲታጠቡ የኖሩ አንድ ጋሼ ናቸው። እኛ ሦስታችን ከኋላ ተደርድረናል። ጉልበታችን ላይ ‹‹አደራ፣ እንዳይፈስ!›› የተባለ የዶሮ ወጥ ድስት አለ።

በዚህ መሀል ከፊታችን አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መኪና ታየች። ጣሪያ የላትም። ለመሬት ከመቅረቧ የተነሳ ከፕሪየሷ መስኮት ሆነን ቁልቁል ነው ያየናት። ጎማዎቿ እንደ ብስክሌት ጎማ በቀጫጭን ሽቦ የተወጠሩ ናቸው። የፊት መብራቶቿ ክብ ናቸው፤ ፓራውልቷ እንደ መስታወት ያበራል። ውስጧ ጠፍጣፋ ቆብ የደፉ ሽማግሌና ፀጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ባጠገባቸው ሲያልፉ ትንሿ መኪና ወዝወዝ ትላለች። እነርሱ ግን ነፋሱን ለማሸነፍ እየጮኹ ያወራሉ፣ ይስቃሉ።

ወዲያው ከማዶኛው አቅጣጫ የምትመጣ ሌላ የድሮ ክፍት መኪና መብራቷን ብልጭ አደረገች። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው መለሱ።

‹‹ይተዋወቃሉ እንዴ?›› አልን።

‹‹መኪኖቹ ናቸው የሚተዋወቁት›› አሉ ጋሼ፤ ‹‹ኤምጂ ቢ ናት። በጌታ! ስንት ዘመኔ!››

ኦክስፎርድ ሊቃረብ ሲል ያለው የመንገድ ማረፊያ ጋ ስንደርስ አረንጓዴዋ መኪና ወደ ውስጥ ታጠፈች። ጋሼም ማንንም ሳያማክሩ ተከትለው ታጠፉ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ ኮፈኗ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ከፈቱ። እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ይህን ጥያቄ ነው መሰለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ሁለት ሽማግሎች አንድ ሞተር ላይ ተደፍተው አሳለፉት። የጋሼ እንግሊዝኛ የታክሲ እንግሊዝኛ ነው፤ ሰውየው ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። ሁለቱ ግን ሲግባቡ አየን። እኛ ድስታችንን ታቅፈን ቆመናል።

ይህች ጽሑፍ ያን ዕለት ከሰማነውና ከዚያ ወዲህ ካነበብነው የተጠናቀረች ናት። ጥያቄያችን አንድ ነው። ይህችን መኪና የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ እሷ እስካሁን ማን አቆያት? (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟ የጋራዥ ስም ነው

ኤምጂ የሚለው ስም የመጣው ‹‹ሞሪስ ጋራዥስ›› ከሚለው ነው። አዎ፣ ጋራዥ! ዊልያም ሞሪስ የሚባለው የኦክስፎርድ ሰው ሥራ የጀመረው በብስክሌት ጠጋኝነት ሲሆን፣ ኋላ ከእንግሊዝ ታላላቅ የመኪና አምራቾች አንዱ ሆነ። ሞሪስ ጋራዥስ ደግሞ በከተማው ውስጥ መኪና የሚሸጥበትና የሚያስጠግንበት ድርጅቱ ነበር። በ1922 ሴሲል ኪምበር የሚባል ሰው የዚህ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

ኪምበር ያደረገው ነገር ቀላል ነው። ለቤተሰብ ተብላ የተሠራችውን ተራዋን የሞሪስ መኪና ይወስዳል፤ ቀለል ያለና የሚያምር አካል ያለብሳታል፤ ሞተሯን ነካ ነካ አድርጎ ያፈጥናታል። በ1920ዎቹ አጋማሽ በስምንት ማዕዘን ውስጥ የተጻፉት ሁለቱ ፊደላት የራሳቸው ስም አወጡ። በ1929 ሥራው ከኦክስፎርድ በስተደቡብ ቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለችው አቢንግደን የተባለች ትንሽ ከተማ፣ የቆዳ ፋብሪካ ወደነበረ ሕንፃ ተዛወረ። ለ50 ዓመታትም እዚያው ቆየ።

በዚያ ዘመን የስፖርት መኪና የመኳንንትና የባለጸጎች መጫወቻ ነበር። የኪምበር ዘዴ ግን ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ሌላውንም ከብዙኃኑ መኪና ስለሚወስድ ዋጋው ወረደ። አንድ የቢሮ ጸሐፊ ወይም አስተማሪ ገንዘብ አጠራቅሞ ሊገዛት የሚችል ፈጣን መኪና ተገኘች። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። መኪናዋ ከራሷ ፋብሪካ በኋላ ለመኖር የቻለችበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው የተተከለው።

ኪምበር ራሱ የድካሙን ፍሬ አላየም። በ1941 በጦርነቱ ዘመን ፋብሪካው በሚሠራው ሥራ ጉዳይ ከበላይ አለቆቹ ጋር ተጋጭቶ ተባረረ። በየካቲት 1945 ለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በደረሰ የባቡር አደጋ ሞተ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሦስት ወር ሲቀረው።

ወደ ውጭ ላክ፣ አለዚያ ሙት

ጦርነቱን እንግሊዝ አሸነፈች። ግን ኪሷ ባዶ ነበር። በ1945 ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። የዚህ ብድር የመጨረሻ ክፍያ የተከፈለው በታኅሣሥ 2006 ነው ብንላችሁ ታምናላችሁ? ብድሩን በፓውንድ መክፈል አይቻልም፤ ዶላር ያስፈልጋል። ስለዚህ መንግሥት ብረትን በራሽን ያዘ፤ ፋብሪካ ብረት የሚያገኘው ምርቱን ወደ ውጭ ሲልክ ሆነ። የዘመኑ መፈክርም ‹‹ላክ ወይም ሙት›› የሚል ነበር። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ለምናውቅ ለእኛ መቼም ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም።

አቢንግደን በ1945 ወደ ሥራ ሲመለስ ቲሲ የምትባል መኪና አወጣ። መልኳ ከጦርነቱ በፊት የነበረው መልክ ነው። በእንግሊዝ የነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮች አዩዋት፣ ወደዷት፣ አንዳንዶቹም ይዘዋት አገራቸው ገቡ። እንደ መርከብ የገዘፉ መኪኖች በሚርመሰመሱበት የካሊፎርኒያ ጎዳና ላይ ይህች ፌንጣ የምታህል መኪና ስትፈተለክ አስቡት። ፊል ሂል የሚባል ወጣት ውድድር የጀመረው በቲሲ ሲሆን በ1961 የፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ለመሆን በቅቷል።

በ1950 እንግሊዝ መኪና ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም አንደኛ ነበረች። ቲሲ 10 ሺህ ያህል ተሠራች። ተተኪዋ ቲዲ ወደ 30 ሺህ ደረሰች፤ አብዛኛዎቹም አሜሪካ ገቡ። ከ1955 እስከ 1962 የተሠራችው ኤምጂ ኤ ከ100 ሺህ አለፈች። ከዚያ በኋላ ነው እኛ መንገድ ላይ ያገኘናት ቢ የመጣችው።

ኤምጂ ቢ በ1962 ስትወጣ በአካሏ እንጂ በሞተሯ አዲስ አልነበረችም። የቀድሞዎቹ ኤምጂዎች ለብቻው የቆመ ሻንሲ ነበራቸው፤ አካሉ ከላይ ይጫናል። ቢ ግን ሻንሲ የላትም። ወለሉ፣ ጎንና ጎኑ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተበይዶ ራሱ አካሉ ክብደቱን ይሸከማል። ሞተሩ 1,798 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 95 የፈረስ ጉልበት ነው። ዘመዶቹ በኩባንያው የቤተሰብ መኪኖች ውስጥም ነበሩ። የኋላ እግሯ በባሌስትራ ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ታልፋለች፤ ለዘመኑ በቂ ነው።

ጥንካሬዋን ለማሳየት ስለ ሌ ማን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1963 በዚያ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ገደማ ሾፌሩ አለን ሃቺሰን ከመንገድ ወጥቶ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። ማንም ሊረዳው አይፈቀድም። ከአንድ ሰዓት በላይ አሸዋውን ብቻውን ዝቆ መኪናዋን አወጣት። ከባልደረባው ከፓዲ ሆፕኪርክ ጋር እየተቀያየሩ ነድተው 12ኛ ሆነው ጨረሱ።

አካሏን እንደ መዝገብ አንብቡት

ሽማግሌው አንድ ትምህርት ሰጡን። አንዲት ኤምጂ ቢ መንገድ ላይ ስታዩ ታሪኳን ከፊቷ ላይ ማንበብ ትችላላችሁ። የእርሳቸው ታርጋ በ‹‹ኢ›› ፊደል ያልቃል፤ የ1967 የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማርሽ ገና ሲንክሮናይዘር የለውም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ‹‹እንደ ኤንትሬ ነዋ!›› አሉ። ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጡ ማርሽ የሚቀይሩባትን የድሮዋን የፊያት ጭነት መኪና ማለታቸው ነው። ከመቀመጫዎቹ ኋላ ደግሞ ባለ 6 ቮልት ሁለት ባትሪዎች ተቀብረዋል። ስለ ኤሌክትሪኩ ሽማግሌው አንድ የታወቀ ቀልድ ነገሩን፤ ‹‹እንግሊዞች ቢራ ሳይቀዘቅዝ የሚጠጡት ለምን ይመስላችኋል? ፍሪጁን የሠራው ሉካስ ስለሆነ ነው!›› ሉካስ የእነዚህን መኪኖች መብራትና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው ኩባንያ ነበር።

ዋናው ምልክት ግን ፓራውልቱ ነው። እስከ 1974 ድረስ የተሠሩት የሚያበራ የክሮም ፓራውልት አላቸው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ግን አፍንጫቸው ላይ ወፍራም ጥቁር ጎማ ተለጥፎባቸዋል፤ ከመሬትም ከፍ ብለዋል። ይህን ያመጣው የአሜሪካ የደኅንነት ሕግ ነው፤ መኪና በዝቅተኛ ፍጥነት ስትጋጭ እንዳትጎዳ፣ ፓራውልቷም በተወሰነ ከፍታ ላይ እንዲሆን የሚል። ለአሜሪካ የተሠሩት መስታወታቸው ላይ ሦስት የዝናብ መጥረጊያ ያላቸውም በዚያው ምክንያት ነው፤ ሕጉ የመስታወቱ ይህን ያህል ክፍል መጠረግ አለበት ስለሚል። ከፍ ያለችው መኪና መታጠፊያ ላይ እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም። የአየር ብክለት ሕጉ ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ቀነሰው።

እዚህ ላይ ‹‹ሕግ ነው የገደላት›› ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን አይደለም። ሕግ ሲለወጥ አዲስ መኪና መንደፍ ይቻላል። አቢንግደን ግን ለ18 ዓመታት ያችኑ መኪና ሲሠራ ኖረ። ለምን?

ጥቁሩ ሰኞ

መልሱ ያለው ከአቢንግደን ውጭ ነው። በ1952 የሞሪስ ኩባንያ ከተቀናቃኙ ከኦስቲን ጋር ተዋሐደ። በ1968 ደግሞ እነዚህ ሁሉ ከሌይላንድ ጋር ተጣመሩና ብሪቲሽ ሌይላንድ የሚባል ግዙፍ ድርጅት ተፈጠረ። በአንድ ጣሪያ ሥር ኦስቲን፣ ሞሪስ፣ ጃጓር፣ ሮቨር፣ ትራያምፍ፣ ኤምጂ፣ አባቶቻችን የሚያውቋት ላንድሮቨርም ሳትቀር ገቡ። ትናንት የሚፎካከሩ ፋብሪካዎች ዛሬ ወንድማማች ተባሉ። ሰው በኪዳን ወንድም ይሆናል፤ ፋብሪካ ግን በውል ብቻ አይሆንም። ኤምጂና ትራያምፍ ሁለቱም የስፖርት መኪና ይሠራሉ፤ ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ የለም። አለቆቹ ለትራያምፍ አደሉ፤ በ1975 የወጣችው ቲአር 7 የአዲሱ ንድፍ ዕድል ደረሳት። ለኤምጂ የቀረላት ጎማው አፍንጫ ነው።

ብሪቲሽ ሌይላንድ በ1975 ሊከስር ደርሶ በመንግሥት እጅ ገባ። የሥራ ማቆም አድማው፣ የጥራት ችግሩ፣ የአለቆቹ ሹም ሽር በዚያ ዘመን ጋዜጣ ላይ የማይጠፋ ወሬ ነበር። በዚህ ላይ የፓውንድ ነገር ተጨመረ። እኛ የገንዘብ መዳከም ምን እንደሚያደርግ በደንብ እናውቃለን። የገንዘብ መጠንከርም ይገድላል። በ1976 አንድ ፓውንድ ወደ 1.60 ዶላር ወርዶ ነበር። የሰሜን ባሕር ነዳጅ ሲወጣና የባንክ ወለድ ሲጨምር በ1980 እስከ 2.40 ዶላር ወጣ። መኪናዋ ያችው ናት፤ ላቡም ያው ነው፤ ግን አሜሪካ ውስጥ በዶላር የምትሸጥ መኪና ተመንዝራ ስትመለስ የምታስገባው ፓውንድ በሲሶ ያህል ቀነሰ። ከቢዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት የተሸጡት ደግሞ እዚያው ነው። ድርጅቱ አሜሪካ ውስጥ በምትሸጥ በእያንዳንዷ ኤምጂ 900 ፓውንድ እከስራለሁ አለ። ሒሳቡን የሚጠራጠሩ እስከ ዛሬ አሉ።

መስከረም 1979 አቢንግደን የፋብሪካውን 50ኛ ዓመት አከበረች። በከተማዋ ሰልፍና ጭፈራ ሆነ። በዓሉ ባለቀ ማግስት፣ ሰኞ መስከረም 10፣ ፋብሪካው እንደሚዘጋ ተነገረ። የኤምጂ ሰዎች እስከ ዛሬ ‹‹ጥቁሩ ሰኞ›› ይሉታል። ባለ መኪናዎች ተቃወሙ። አስቶን ማርቲንን የያዙ ባለሀብቶች እንግዛው ብለው ሞከሩ፤ አልሆነም። በጥቅምት 1980 የመጨረሻዋ ቢ ከመሥመሩ ወጣች። ከሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ሥራ አጡ። በአቢንግደን ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ተሠርቶ ነበር፤ ከእነዚህ መካከል ኤምጂ ቢ ብቻዋን ከግማሽ ሚሊዮን ትበልጣለች። ዛሬ በቦታው ቢሮዎችና ፖሊስ ጣቢያ አሉ።

የዝገት ወራሾች

ታሪኩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ፋብሪካው የሌለ መኪና መለዋወጫ ያጣል፤ ከዚያ ይቆማል፤ ከዚያ ይዝጋል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በረዶውን ለማቅለጥ ክረምት ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ለላሜራ ከጨው የከፋ ጠላት የለም። ቢ ሻንሲ የላትም ብለናል፤ ስለዚህ ከበሮቿ ሥር ያሉት ሁለቱ ረጃጅም ሳጥኖች ናቸው ወገቧ። እነርሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላሉ። ቀለሙ እያበራ፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሶ ወገቧ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው የእርሳቸውን ሲገዟት እንዲያ ሆና ነው ያገኟት። ሦስት ክረምት ጋራዥ ውስጥ ተኝተው እየቆረጡ በየዱ። ባለቤታቸው ከጎን ሆነው ‹‹አራት ነው›› ብለው አረሙ።

ታዲያ ማን አቆያት? መጀመሪያ ተራ ሰዎች። ኤምጂ መኪና ክለብ የተመሠረተው በ1930 ነው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እስከ ዛሬ አቢንግደን ውስጥ የድሮው ፋብሪካ ጎን ሲሆን በኪምበር ስም ይጠራል። በ1973 ደግሞ የኤምጂ ባለቤቶች ክለብ ተቋቋመ። እነዚህ ክለቦች ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስቦ መኪና ማሳየት ብቻ አይደለም ሥራቸው። የትኛው ብሎን ከየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ የትኛው ካርቡራተር እንዴት እንደሚስተካከል ይጽፋሉ፣ ያትማሉ፣ ይማማራሉ። ሞተሩ ከተራ የቤተሰብ መኪኖች ጋር የሚዛመድ መሆኑም እዚህ ላይ ጠቀመ። ዕቃው ብዙ ነው፤ የሚያውቀው መካኒክም ብዙ ነው። የኪምበር ዘዴ ከ60 ዓመት በኋላ ወለድ ከፈለ።

ቀጥሎ አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባል ድርጅት የቢ ላሜራዎች ይጨፈለቁባቸው የነበሩትን ዋነኞቹን ፎርማዎች አሰባሰበ። በ1988፣ ፋብሪካው በተዘጋ በስምንተኛው ዓመት፣ አዲስ የኤምጂ ቢ ሙሉ አካል በድሮው ፎርማ እየተሠራ መሸጥ ጀመረ። የዛገች መኪና ያለው ሰው አዲስ አካል ይገዛል፤ የራሱን ሞተር፣ መሪና ወንበር ወደዚያ ያዛውራል። ይህ ነገር ከ1992 እስከ 1995 አርቪ 8 የምትባል ተከታይ ለመውለድ እንኳ በቃ። 2 ሺህ ያህል ተሠርተው አብዛኛዎቹን የገዙት ጃፓናውያን ናቸው።

ስለ ጃፓን ካነሳን አይቀር፣ በ1989 ማዝዳ ኤምኤክስ 5 የምትባል ትንሽ ክፍት መኪና አወጣ። ሐሳቧ በቀጥታ ከእንግሊዞቹ፣ በተለይም ከሎተስ ኢላን የመጣ ነው። ልዩነቱ ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩት መነሳቷ ነው። በ2016 አንድ ሚሊዮን ሞላች። እንግሊዞች ‹‹ይህን ዓይነት መኪና የሚገዛ የለም›› ብለው የዘጉት ገበያ እንደነበር ልብ በሉ።

በመጨረሻ ሕጉም ረዳ። እንግሊዝ ውስጥ 40 ዓመት ያለፋት መኪና ‹‹ታሪካዊ›› ትባላለች። የመንገድ ግብር አትከፍልም፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ አካሏ በመሠረቱ እስካልተለወጠ ድረስ ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ናት። ለንደን ከነሐሴ 2023 ጀምሮ መላ ከተማዋ ውስጥ ጭስ የሚበዛባቸውን መኪኖች ታስከፍላለች፤ ታሪካዊዎቹን ግን አትነካም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ‹‹የእኔን የድሮ ናፍጣ አስሽጠውኝ እሷን በነፃ?›› ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ። የደሃ አሮጌ መኪና ‹‹አሮጌ›› ትባላለች፤ የጡረተኛ ባለቤት አሮጌ መኪና ‹‹ቅርስ›› ትባላለች። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ይቆጨን ነበር።

ስሟ ሌላ ቦታ ሄዷል

የኤምጂ ስም ግን አልሞተም፤ ተሰደደ። የመጨረሻው የእንግሊዝ ባለቤቱ ኤምጂ ሮቨር በ2005 ከሰረ። ስሙን የቻይናው ናንጂንግ ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ ናንጂንግ ራሱ ወደ ሻንጋይ ወደሚገኘው ሳይክ ተጠቃለለ። ዛሬ ስምንት ማዕዘኗን ዓርማ የለጠፉ የኤሌክትሪክ መኪኖች በእንግሊዝ መንገዶች ሞልተዋል፤ የሚመጡት ከቻይና ነው። ሳይበርስተር የምትባል ክፍት የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪናም አለች።

ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ኤምጂ ልታዩ ትችላላችሁ። አንዷ ስሙ አላት፤ አቢንግደንን አታውቅም። ሌላዋ ከአቢንግደን ነች፤ ግን አካሏ በ1990ዎቹ የተሠራ፣ ሞተሯ ሦስት ጊዜ የወረደ ሊሆን ይችላል። እውነተኛዋ የትኛዋ ናት? እኛ መኪናው ውስጥ ተከራከርንበት። አንዳችን ‹‹ስም ያለው ነው ባለቤቱ›› አለ፤ ሌላችን ‹‹ብረቷ ናት›› አለች። ጋሼ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል አሉ፤ ‹‹መኪና ማለት እንዴት እንደምትፈታና እንደምትገጠም የሚያውቅ ሰው ሲኖራት ነው። ያ ሰው ሲሞት መኪናዋ ጋሪ ናት።››

አሁን ስናስበው የአቢንግደን ታሪክ በሙሉ በዚህ ቃል ውስጥ አለ። አለቆቹ የሸጡት ስም ነው። ሕንፃው ፈርሷል። የቀረው ዕውቀቱ ነው፤ እሱም የቀረው በደመወዝ የሚሠሩበት ሰዎች ሥራቸውን ካጡ በኋላ በፍቅር የያዙት ሰዎች ስለጻፉት፣ ፎርማውንም ወደ ብረት ማቅለጫ ከመሄድ ስላዳኑት ነው።

እኛስ?

ክርስትናው ላይ ዘግይተን ደረስን። ዶሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ ስለ እሱ የተባልነውን አንጽፈውም። ወደ ለንደን ስንመለስ ግን ጋሼን ከዚያ በፊት ጠይቀናቸው የማናውቀውን ጠየቅናቸው፤ ስለ አዲስ አበባው ጋራዥ።

ሰዓት ተኩል አወሩ። ሰይቼንቶ ታክሲ መለዋወጫ ስታጣ ከአሮጌ ጎማ ጎሚኒ እንዴት ተቆርጦ እንደሚሠራላት። ሶማሌ ተራ ውስጥ አንድን ዕቃ በዓይን ብቻ አይቶ ‹‹ይቺ የቮልስ ናት፣ ያውም የዚህኛው ዓመት›› የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ። ላዳ ለምን ዳገት ላይ እንደምትጎበዝ። ከኮፈን እስከ ፓራውልት፣ ከካንዴላ እስከ ፍሪሲዮን የመካኒኮቻችን ቋንቋ ጣሊያንኛ መሆኑን፣ ባትላሜራ የሚለውም ቃል ራሱ ‹‹ላሜራ ቀጥቃጭ›› ማለት እንደሆነ። እነዚያ መኪኖች በችግር ነው የቆዩት፤ የሽማግሌው ኤምጂ ደግሞ በፍቅር። እጁ የሚያውቀው ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ልዩነቱ የእነርሱ መጻፉ ላይ ነው። የእኛን የጻፈው ማነው?

አገራችን በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ይበል፤ ጭሱ ይቅርብን። ግን ካርቡራተር በጆሮው ሰምቶ የሚያስተካክል ሰው ከእንግዲህ ተማሪ አያገኝም። ቮልስና ላዳን ለግማሽ ምዕተ ዓመት በመንገድ ላይ ያቆመ ዕውቀት በጥቂት ሽማግሎች ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። አቢንግደን ጥቁር ሰኞ ነበራት፤ ቀኑ ይታወቃል። የእኛ ቀን የለውም። አንድ ጋራዥ ይዘጋል፣ ቦታው ላይ ፎቅ ይቆማል፣ በቃ።

እኛ ያን ማታ የስልካችንን መቅጃ ከፍተን ነበር። አሁን የጋሼ ድምፅ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በእጃችን አለ፤ የቀረውን የሚቀጥለው እሁድ ቀጠሮ ይዘናል። እናንተም ሰፈራችሁ ውስጥ ኮፈን ሥር ጎንበስ ያለ አንድ ጋሼ ይኖራል። መኪና ባይኖራችሁም ግድ የለም፤ ሄዳችሁ ጠይቁት። ቸር እንሰንብት።